የቦርከና ጉዳይ፦ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች ወደ ቦርከና ወንዝ የሚለቁት ፍሳሽ እየተመረመረ ውጤቱ በየወሩ በአደባባይ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ተናገሩ። ስድብና ዘር ቆጠራ የለም።

ወይራ፦ እደግፋለሁ። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። በበጋ ሣር ፍለጋ ጨፋ የሚወርደው የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት የሚጠጣው ይህንኑ ነው። የእህቴ ባል ቃሉ ወረዳ ውስጥ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማል። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወርዶ ውሃውን ያያል፤ ከጠቆረ ወይ አረፋ ከያዘ ያን ቀን አያጠጣም። እስካሁን ያለን ላቦራቶሪ የሱ ዓይን ነው። በዓይን የማይታየውን ግን በምን ይወቀው?

ሸማኔው፦ ወይራ ወንድሜ፣ ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ግን የምትለጥፈው ወረቀት የኔን እንጀራ ነው የሚዘጋው። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካዎቹ ምን እንደሆኑ ሁላችንም አይተናል። በዚያው ዓመት አሜሪካ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ ገበያዋ የምንገባበትን ዕድል፣ ዘጋችብን። ስንቷ ልጅ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጥታ ዓረብ አገር ሄደች! ገና ቀና ማለት ስንጀምር «እነ እገሌ መርዝ ለቀቁ» የሚል ዝርዝር ከወጣ የትኛው ገዢ ነው ትዕዛዝ የሚሰጠን? መጀመሪያ ሆድ።

የሀረጎ ልጅ፦ ቆይ፣ ደሴስ? ውሃው ኮምቦልቻ የሚደርሰው እኛን አጥቦ እኮ ነው። ክረምት ሲገባ የሽንት ቤት ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ ጎረቤት የሌለው የደሴ ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። የጋራዡ ዘይት፣ የላስቲኩ ክምር ደግሞ ሳይቆጠር ነው።

ወይራ፦ ደሴም ይለካ! ማን እምቢ አለ? ቁጥሩ ሲወጣ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። አሁን ግን ሁሉም ወደ ላይኛው እየጠቆመ ይኖራል።

መምህርቷ፦ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። «ፍሳሽ» እያላችሁ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተቱት። ከቢራ ጠመቃ የሚወጣው ባብዛኛው ስኳርና እርሾ ነው፤ በራሱ መርዝ አይባልም። ነገር ግን ወንዙ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንን ሲበሉ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ይኼኛው በማጣሪያ ገንዳ ይታከማል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የሚባለው ብረት ግን አይበሰብስም። ደለል ላይ ይተኛና ጎርፍ ሲመጣ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ አንድ ቀን ናሙና ወስዶ «ንጹሕ ነው» ማለት አይሠራም። በየወሩ መሆኑም ቢሆን ሌሊት የሚለቀቀውን ካልያዘ ያንሳል። ማጣራት አይቻልም ለሚሉ ደግሞ፣ የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ነው የተሠራው። ውድ ነው በሉ፤ እሱ እውነት ነው።

ባለሙያ ይወስን፦ እኔ ፋብሪካውንም ገበሬውንም አልደግፍም። ሚሊግራም በሊትር ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ቁጥር መለጠፍ ሽብር መንዛት ነው። አንዱ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፣ በማግስቱ የኮምቦልቻን ሽንኩርት የሚገዛ ይጠፋል። የሚጎዳው ያው ገበሬው ነው። ለሚመለከተው አካል ተውት።

ወይራ፦ ይቅርታህን፣ የሽንኩርቱ ነገር ከባድ ነው፤ መልስ በእጄ የለም። ግን ገበሬው አይገባውም ያልከውን አልቀበልም። በሄክታር ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደሚጨምር አስልቶ የሚያድር ሰው ከወሰን በላይና በታች የሚለውን መለየት አያቅተውም። ወሎ ውስጥ እኮ አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ለእርቅ ሲቀመጡ ከሳሽም ተከሳሽም በአደባባይ ይናገራል፤ ጓዳ ገብቶ የሚፈርድ የለም። ሚዲያውንም ታዘቡልኝ፦ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራው ይጋፋል፤ ከአጥሩ ጀርባ ስላለው ቱቦ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን አላየሁም።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ በ66ቱ ረሃብ ጊዜ ደሴ ነበርኩ። ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ እያየን መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ያደርግ ነበር። ለዓለም ያሳየው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። «ሽብር እንዳይነዛ» የሚለውን ቃል ያኔም ሰምቼዋለሁ። እህሉ ከመጥፋቱ ይልቅ ወሬው መታፈኑ ነው ብዙውን ሰው የጨረሰው እላለሁ።

ባለሙያ ይወስን፦ ጋሼ፣ ረሃብና የወንዝ ፍሳሽ አንድ አይደሉም፤ በአክብሮት ነው።

ጡረተኛው፦ አንድ ናቸው አልወጣኝም። የሚደብቀው ሰው ምክንያቱ አንድ ነው ያልኩት።

ሕግ አጥኚ፦ የምትከራከሩበት ግማሹ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ 590/2000 ውስጥ አለ፤ ለምን ፈለግከው ተብለህም አትጠየቅም።

ሸማኔው፦ ወረቀት ላይ ሁሉም አለ። እኔ ግን ከፋብሪካው ደመወዝ እየበላሁ አቤቱታ ላይ ስሜን አላሰፍርም። ሦስት ልጅ አለኝ።

ወይራ፦ አንተን ማን ፈርም አለህ? የማንም ስም ይበቃል ተብሏል። እኔ እፈርማለሁ፣ የእህቴ ባልም ይፈርማል። እንዲዘጋ አንጠይቅም፤ የመጨረሻውን ዓመት የምርመራ ውጤት ስጡን ነው የምንለው።

ሸማኔው፦ እንዲዘጋ የሚል ቃል ከሌለበት አልቃወምም። ረቂቁን ግን ሳይገባ በፊት እዚህ አሳዩን።

የሀረጎ ልጅ፦ ደሴ ማዘጋጃ ቤትም ይጨመርበት። ያለዚያ እኔ የለሁበትም።

ወይራ፦ ይጨመራል። እስከ ዓርብ ረቂቁን እለጥፋለሁ፤ መምህርቷ ምን ምን እንደሚለካ ትጻፍልን።