ሱፐርካፓሲተሬ 200 ዙር ሳይሞላ ደከመብኝ

ሰላም፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ለሱፐርካፓሲተር (ቶሎ ቻርጅ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ከፖሊአኒሊን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ) እና ከካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ኤሌክትሮድ እየሠራሁ ነው። ናኖቲዩቡን 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በአልትራሳውንድ በተንኩት። አኒሊን ጨምሬ፣ አኒሊኑን ወደ ፖሊአኒሊን የሚቀይረውን አሞኒየም ፐርሰልፌት በጠብታ አስገባሁ። ማቀዝቀዣው በረዶ ከጁስ ቤት የተለመነ ነው፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ አያስቀምጠውም! ቢሆንም ድብልቁ ከ5 ዲግሪ አላለፈም። የወጣው ዱቄት ጥቁር አረንጓዴ ነው።

ከማጣበቂያ ጋር ግራፋይት ላይ ቀብቼ፣ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በ1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ እስከ 1 ቮልት ቻርጅ አደረግኳቸው። መጀመሪያ አሪፍ ነበር። 200 የቻርጅና ዲስቻርጅ ዙር ሳይሞላ አቅሙ በግማሽ ወረደ። ማጣበቂያውን ከ5 ወደ 10 በመቶ ባሳድግም ያው ነው። ሽፋኑ አልተላጠም፤ አሲዱ ግን ቢጫ ቢጫ ብሏል።

የቀረኝ የናኖቲዩብ ዱቄት ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል። ቮልቴጁን ወደ 0.6 ላውርድ ወይስ ናኖቲዩቡን በናይትሪክ አሲድ አክሜ እንደ አዲስ ልሥራ?