ብራየር ላይ መልእክት የሰዓት ምልክት ይዞ ይቀራል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት አንድሮይድ ስልኮች፣ ሁለቱም ላይ ብራየር የሚባለው የመልእክት መላላኪያ አፕ ተጭኗል፣ ኢንተርኔትም አለ። ስክሪኑ ከጠፋ ግን መልእክት አይሄድም፤ አፑ ሲከፈት ወዲያው ያልፋል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ብራየር መሃል ላይ መልእክት የሚያቆይ ሰርቨር የለውም። ስልኮቹ በቶር (የተጠቃሚውን አድራሻ በሚደብቅ ኔትወርክ) በኩል እርስ በርስ ስለሚገናኙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ኦንላይን መሆን አለባቸው። ያንተን ችግር የሚያመጣው ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን ስለሚያቆመው ነው። ሴቲንግ ገብተህ ለብራየር የባትሪ ገደቡን አንሳ። ሻዎሚ ከሆነ ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ በቅርብ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ላይ ብራየርን መቆለፍ ያስፈልጋል።

መልስ 2፦
ትክክል፣ ግን ዘላቂው መፍትሔ ሜይልቦክስ ነው፤ አንዳችሁ ኦንላይን ባትሆኑም መልእክቱን ተቀብሎ ያቆያል። ትርፍ አንድሮይድ ካለ "ብራየር ሜይልቦክስ" የሚባለውን ሌላ አፕ ጫንበትና ቻርጀርና ዋይፋይ ላይ ተወው። ከዚያ ብራየር ሴቲንግ ውስጥ ሜይልቦክስ የሚለውን ነክተህ በትርፉ ስልክ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርግ። ከሁለት አንዳችሁ ጋ መኖሩ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ካገናኘኸው በኋላ ሁለቱ ስልኮች አንዴ አብረው ኦንላይን ካልሆኑ የጓደኛህ ስልክ ሜይልቦክሱን አያውቀውም። ብዙ ሰው "አልሠራም" ብሎ የሚያጠፋው እዚች ጋ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ቶር ራሱ አልነሳም ቢልስ? አይፎን የያዘ ጓደኛም አለን።

መልስ 3፦
መጀመሪያ የስልኩን ቀንና ሰዓት እይ፤ ከተዛባ ቶር አይገናኝም። ኔትወርኩ ቶርን ካገደ ብሪጅ (እገዳውን አልፎ ወደ ቶር የሚያስገባ መግቢያ) አብራ። ለአይፎን ብራየር የለም። የይለፍ ቃሉን ደግሞ እንዳትረሳ፣ ማስመለሻ የለውም፤ አካውንቱም ኮንታክቶቹም አብረው ይሄዳሉ።