ጠጅ ላይ ማንጎ መጨመር፦ መቼ እና ስንት?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለቤቱ፣ ከጎንደር ነኝ። 5 ኪሎ ማር በ16 ሊትር ውሃ በርዤ በ25 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ጠንስሻለሁ። ዛሬ 8ኛ ቀኑ ነው፤ ሰፈፉ ተገፏል፣ እንጨት ጌሾው ገብቷል፣ አፈላሉም ገና ኃይለኛ ነው። ለፋሲካ የማንጎ ቃና እንዲኖረው 3 ኪሎ ማንጎ ልጨምርበት አስቤያለሁ። አሁን ላስገባው ወይስ ጌሾው መጀመሪያ ይውጣ? ይቀቀል ወይስ ጥሬውን? ጣፋጭነትስ ይጨምርልኛል?

ብርሌ፦
እህቴ፣ አሁን አታስገቢው። ጥንስሱ እንዲህ ሲገነፍል የሚወጣው አየር የማንጎውን ሽታ ጠርጎ ይወስደዋል። ረገብ ይበል፣ አረፋው ይውረድ። ጎንደር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሳምንት ያህል ሊቆይብሽ ይችላል፤ ቀን ከመቁጠር አረፋውን ማየት ይሻላል። ያን ጊዜ ጌሾውን አውጪ፣ አጥልይና ፍሬውን ጨምሪ። እስከዚያ አልኮሉ ስለሚጠነክር ከማንጎው ጋር የሚገባው ጥቃቅን ነገር እንደ ልቡ አይራባበትም።

የማንጎ ልጣጭ ሙጫ አለውና ላጪው፣ ዘሩንም አውጪ፣ የተመታ ቦታ ካለ ቆርጠሽ ጣይ። 3 ኪሎው ተልጦ 2 ኪሎ ገደማ ይቀራል፤ ለዚህ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል።

ጣፋጭነቱን ግን እርሺው። ከ2 ኪሎ የማንጎ ሥጋ የሚገኘው ስኳር 300 ግራም ገደማ ነው፣ እሱም አብሮ ይፈላል። እንዲያውም ጠጁ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ ያነሰ፣ ሊልብሽ ይችላል። ጣፋጭ የሚወድ እንግዳ ካለ ሊቀዳ ሲል ትንሽ ማር በጥብጠሽ ጨምሪና የዚያኑ ዕለት ይጠጣ።

አዘዞ፦
ብርሌ ያለው ልክ ነው፣ በርሜሉን ግን ረሳው። 5 ኪሎ ማር ብቻውን 3.5 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ ከውሃው ጋር 19 ሊትር ተኩል ደርሷል። ማንጎ ሲገባ አፈላሉ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ሥጋውም በአረፋ ተገፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቢያንስ ሩብ ያህሉ ባዶ ካልሆነ ወለሉ ላይ ነው የምታገኚው። ለሁለት ዕቃ ክፈይው።

ቀቅለሽ እንዳታስገቢ። ማንጎ ሲፈላ የማርማላታ ጣዕም ያመጣል፣ ጠጁም ድፍርስ ብሎ አይጠራም። ሥጋውን 70 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ ሳይንተከተክ ዳር ዳሩ ማጤስ ሲጀምር አውርጂው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አትርሺ። በደንብ ይቀዝቀዝ፣ ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ በተቀቀለ አቡጀዲ ከረጢት ቋጥረሽ አስገቢ፣ አለዚያ የማንጎው ቃጫ ሲጠለል ያሰቃይሻል። የብረትና የአሉሚኒየም ዕቃ አይሁን፣ ኮምጣጣው ይበላዋል።

ጠዋትና ማታ ከረጢቱን በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ድፈቂው። ላይ ተንሳፍፎ የደረቀ ፍሬ ነው የሚሻግተው። በ5ኛው ቀን ቅመሺ፣ ከ7 አይለፍ። ስታወጪው ራሱ ይንጠፍጠፍ፤ ከጨመቅሽው ዝቃጩ በሙሉ ይወርዳል።

የፒያሳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክዳኑ ጥብቅ ይበል? ላዩ ላይ ነጭ ነገር ቢታይስ?

ብርሌ፦
ላላ ይበል፣ ወይም በጨርቅ ሸፍነሽ እሰሪው። ጥብቅ ካልሽው ይፈነዳል። ጠርሙስ ላይም ያው ነው፤ አምቡላው ወርዶ፣ ጠጁ ጠርቶ፣ አረፋ ማውጣቱን ሳያቆም በጠርሙስ አትዝጊ።

ነጩ ስስና ለስላሳ ሽፋን ከሆነ ግፈፊው፣ ጠጁ አልተበላሸም። ፀጉራም ከሆነ ወይም አረንጓዴና ጥቁር ካለው ይደፋ። ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ደግሞ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፣ ማር ብትጨምሪበትም አይመለስም።

አዘዞ፦
ኮምጣጤ የሆነው ግን አይደፋም፣ ለሰላጣ ይሆናል። ዕቃውን ግን ለጠጅ መልሰሽ እንዳታውይው።