ለሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነፍሳት የትኛው ማክሮ ሌንስ፣ የትኛው ፍላሽ?

ፊላ ዳር (ጥያቄ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ከአሞራ ገደል እስከ ጥቁር ውሃ ባለው የሐይቁ ዳርቻ የሚገኙ ነፍሳትን ፎቶ አነሳለሁ። በእጄ ያለው ካኖን 250ዲ ካሜራ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ እና አንድ 55-250 ዙም ሌንስ ነው። በእነዚህ ሌንሶች ቢራቢሮዎችና ትልልቅ የውሃ ተርቦች አጥጋቢ ሆነው ይወጣሉ፤ የጉንዳንን ራስ፣ የዝንብን ዐይን ወይም በፊላ ቅጠል ላይ የተጣበቀ እንቁላልን ግን ለተማሪዎቼ በሚታይ መጠን ማቅረብ አልቻልሁም።

እህቴ በቅርቡ ከዱባይ ስለምትመጣ አንድ ማክሮ ሌንስ (ጥቃቅን ነገርን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣ) እንድታመጣልኝ አስቤአለሁ። ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 35 ማክሮ (አፉ ላይ መብራት ያለው)፣ ኢኤፍ-ኤስ 60 ማክሮ እና ኢኤፍ 100 ኤል ማክሮ ከሚባሉት የትኛውን ብመርጥ ይሻለኛል? ለፍላሽ ደግሞ አንድ ወዳጄ ጎዶክስ ቲቲ600 በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ሌሎች በሌንሱ ዙሪያ የሚታሰረውን የቀለበት ፍላሽ እንድገዛ ይመክሩኛል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ታቦር ሥር

የተከበሩ መምህር፣ ከሌንሱ በፊት በፍላሹ ልጀምር፤ ምክንያቱም ቲቲ600 ካሜራዎ ላይ ተቀምጦ አይተኩስም። የአብዛኞቹ ካሜራዎች የፍላሽ መቀመጫ መካከሉ ላይ አንድ ክብ የኤሌክትሪክ መገናኛ አለው፤ በእጅ ብቻ የሚስተካከሉ ፍላሾች የመተኮሻውን ምልክት የሚቀበሉት በዚህ መገናኛ በኩል ነው። በ250ዲ ላይ ይህ የመካከሉ መገናኛ የለም፤ ያሉት የካኖን ፍላሾች ከካሜራው ጋር መረጃ የሚለዋወጡባቸው ትንንሽ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፍላሹ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ይላል። በመካከሉ መገናኛ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ የሬዲዮ ማስተኮሻዎችም ዕጣቸው ይኸው ነው። እህትዎ ፍላሽ የሚገዙ ከሆነ ሻጩን «ለካኖን ይሆናል?» ብለው ሳይሆን «250ዲ ላይ ይተኩሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነም በዚያው ሱቅ በሚገኝ 250ዲ ላይ ተሞክሮ ይገዛ።

ወደ ሌንሶቹ ስንመለስ፣ የጠቀሷቸው ሦስቱም 1 ለ 1 ያጎላሉ። ይህም ማለት 22 ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነገር የካሜራዎን ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል ማለት ነው። በማጉላት አቅም የማይበላለጡ ከሆነ የሚለያያቸው ከነፍሳቱ ምን ያህል ርቀው እንዲያነሡ መፍቀዳቸው ነው። በሙሉ ማጉላት ላይ የ35ቱ አፍ ከነፍሳቱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ የ60ው 9 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የ100 ኤል ደግሞ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል። በ3 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ዝንብ ቁጭ ብላ አትጠብቅዎትም፤ ብትጠብቅዎት እንኳን የሌንሱ ጥላ ያለብሳታል። አፉ ላይ ያለው መብራትም ለማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ላነሡት እንቁላል ወይም ለቅጠል ሥር መረብ ጠቃሚ ቢሆንም የሚንቀሳቀስን ነፍሳት ለማስቆም የሚበቃ ኃይል የለውም። ስለዚህ ምርጫዬ 100 ነው።

ሆኖም «ኤል» የሚለው ፊደል የግድ ያስፈልግዎታል ብዬ አላምንም። በ2009 የወጣው 100 ኤል ከቀድሞው 100 ማክሮ የሚለየው በዋናነት መንቀጥቀጥን በሚቀንሰው ሥርዓቱ ነው፤ የዚህ ሥርዓት ጥቅም ደግሞ ወደ 1 ለ 1 በቀረቡ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የሚያርመው የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ በነፋስ የሚወዛወዘውን ፊላ አይደለም። በፍላሽ የሚሠራ ሰው በ2000 የወጣውንና ያገለገለ ሆኖ የሚገኘውን የቀድሞውን 100 ቢገዛ በምስሉ ላይ የሚጎድለው ነገር እምብዛም ነው።

ፍላሽ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ጥቂት ላብራራ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ በሌንስ ላይ አፍስሶ በውጤቱ የሚያዝነው ይህን ሳያስብ ነው። በ1 ለ 1 ማጉላት ላይ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን በሩቅ ከሚነሣው ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በኤፍ 11 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ሲያነሡ በተግባር የሚሠሩት በኤፍ 22 ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በዚሁ ኤፍ 11 ላይ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። አፐርቸሩን ከዚያ በላይ ቢያጠቡት ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን ስለሚበተን ምስሉ በጠቅላላው ይለሰልሳል። በደመናማ የክረምት ጠዋት፣ በዚህ አፐርቸር፣ ካሜራውን በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ፍላሽ ኃይሉ ሲቀነስ ብልጭታው እጅግ ያጥራል፤ ብዙዎቹ በዝቅተኛው ኃይላቸው ከሰከንድ 10,000ኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። እንቅስቃሴውን የሚያስቆመው ይህ አጭር ብልጭታ ነው፤ የሹተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው የካሜራው መጋረጃ) ፍጥነት በዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ካሜራውን በማኑዋል፣ ሹተሩን 1/200 (ካሜራዎ ከፍላሽ ጋር የሚቀበለው ከፍተኛው ፍጥነት ነው)፣ አፐርቸሩን በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 200 አድርገው ይጀምሩ።

ስለ ቀለበት ፍላሽ፦ ጥላ ስለማያሳይ ዝርያ ለመለየት ለሚነሣ ፎቶ ጥሩ ነው። የጥንዚዛ ጀርባና የዝንብ ዐይን ላይ ግን ነጭ ክብ ያትማል፤ የነፍሳቱንም ቅርጽ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ለእርስዎ አልመርጠውም።

ሶደሬ መንገድ

ከአዳማ ነው የምጽፈው። ታቦር ሥር ስለ ብርሃን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ «100 ይግዙ» በሚለው ላይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለአሁኑ። መምህሩ 55-250 ሌንስ አላቸው። በዚያ ሌንስ አፍ ላይ የሚቆነጠጥ ሬይኖክስ ዲሲአር-250 የሚባል አነስተኛ ተጨማሪ ሌንስ አለ፤ ኃይሉ 8 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ሲሆን የክር ስፋታቸው ከ52 እስከ 67 ሚሊሜትር በሆነ ሌንሶች ላይ ይገጥማል። ዋናው ሌንስ ፎከሱ ወደ ሩቅ ተደርጎ ሲያዝ የሚገኘው ማጉላት ቀላል ሒሳብ ነው፤ የሌንሱን የፎከስ ርዝመት (ዙሙ የቆመበትን ቁጥር) በሚሊሜትር በ8 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት። ዙሙን 125 ላይ ቢያቆሙት 1 ለ 1 ያገኛሉ፤ እስከ 250 ቢወስዱት ከነገሩ እውነተኛ መጠን ወደ እጥፍ ይደርሳል። ከነፍሳቱ ያለው ርቀትም በሁለቱም ሁኔታ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከ100 ማክሮ ብዙም አያንስም። ዋጋው ከማክሮ ሌንስ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጉድለት አለው። ዙሙን ባሳጠሩት ቁጥር የምስሉ ማዕዘኖች ይጨልማሉ፤ ዳርና ዳሩም እንደ እውነተኛ ማክሮ ሌንስ የጠራ አይሆንም፤ ከተወሰነው ርቀት ወጣ ካሉ ደግሞ ምንም ነገር ፎከስ ውስጥ አይገባልዎትም። የጉንዳን ራስ መሀል ላይ ስለሚቀመጥ ግን ይህ ብዙ አያሳስብም።

በመቀጠል ሰው ሊያቀርብልዎ ስለሚችለው የማራዘሚያ ቱቦ (በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ) አንድ ነገር ልበል። ቱቦ የሚጨምረው ማጉላት የቱቦው ርዝመት ለሌንሱ የፎከስ ርዝመት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 68 ሚሊሜትር ቱቦ በ250 ላይ ቢያስሩ የሚጨምርልዎት ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ግን ከአንድ እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ሆኖም ነፍሳቱን ሊነኩ ጥቂት ይቀርዎታል። ቱቦ ከገዙም የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለውን ብቻ ይግዙ፤ የካኖን ሌንስ አፐርቸር የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ መገናኛ በሌለው ቱቦ አፐርቸሩን ማጥበብ አይቻልም።

የተረፈውን ገንዘብ ለፍላሽ ያውሉት።

ፊላ ዳር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፍላሽ መቀመጫውን አሁን አየሁት፤ በእርግጥም መካከሉ ባዶ ነው። ወዳጄ ግን ዋጋውን ይበልጥ ቀንሶልኛል፤ ቲቲ600ን ከካሜራዬ ጋር የማሠራበት ሌላ መንገድ የለም ማለት ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ጀርባው ነው፤ በፍላሽ የተነሡ ብዙ የነፍሳት ፎቶዎች ጀርባቸው ድቅድቅ ጥቁር ነው። ተማሪዎቼ ነፍሳቱ የሚኖርበትን አካባቢም እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ወንዶ ጫካ

መንገድ አለ፤ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ቲቲ600 የሌላ ፍላሽ ብልጭታ አይቶ የሚተኩስበት ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት። 250ዲ ላይ ደግሞ የሚነሣ ትንሽ ፍላሽ አለ። ካሜራው መጠን ለመለካት ከዋናው ብልጭታ በፊት አንድ ቀዳሚ ብልጭታ ስለሚያወጣ ኤስ2ን ይምረጡ፤ ይህ ምርጫ የመጀመሪያውን ዘልሎ በሁለተኛው ይተኩሳል። የቀይ ዐይን መከላከያውን ያጥፉት፤ የካሜራውንም ፍላሽ በሜኑው ውስጥ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያድርጉት፤ ሥራው ሌላውን ማስነሣት ብቻ ነውና። ቲቲ600ን በካሜራው ሥር በትራይፖዱ ብሎን በሚታሰር የጎን ክንድ ላይ አድርገው፣ ብልጭታውን የሚያየው ክፍል ወደ ካሜራው እንዲዞርና ራሱ ወደ ነፍሳቱ እንዲያዘነብል ያስተካክሉት። በጠራራ ፀሐይ አንዳንዴ ላያይ ይችላል፤ በጥላ ውስጥ ግን ይታዘዛል። ክብደቱ ግን ክንድ ያዝላል፤ ይህን አልደብቅዎትም።

ብርሃኑን ሳያለሰልሱ በፍጹም አይተኩሱ። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከነፍሳቱ አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ አነስተኛ ነጭ ማለስለሻ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ ከሩቅ ከተተከለ ትልቅ ጃንጥላ የበለጠ ይሠራል። ውስጡ ብርማ የሆነ ክብ የቺፕስ ማሸጊያ ከፍላሹ አፍ ላይ አስረው ጫፉን በሁለት ድርብ ነጭ ወረቀት ቢሸፍኑት ከሚሸጡት ብዙዎቹ አያንስም። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ስለሚሆን የፍላሹን ኃይል ወደ 1/16 ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ይችላሉ፤ ባትሪውም ይቆጥብልዎታል።

የጀርባው ጥቁረትም የሚመጣው ከዚሁ ሕግ ነው። ከነፍሳቱ 10 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ፍላሽ 1 ሜትር ርቆ ለሚገኝ ቅጠል የሚደርሰው ብርሃን መቶኛ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት መፍትሔ አለ፦ አንግልዎን ቀይረው ቅርብ የሆነ ቅጠል ከጀርባ እንዲውል ማድረግ፣ አለዚያም አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ፣ ሹተሩን ወደ 1/60 ዝቅ አድርጎ የቀኑ ብርሃን ጀርባውን እንዲሞላ መፍቀድ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ በሁለተኛው መንገድ ነፍሳቱ ከተንቀሳቀሰ በዙሪያው ጥላ መሰል ድርብ ምስል ሊፈጠር ይችላል።

ሐይቅ ጠዋት

ሁላችሁም ስለ ፍላሽ ስትጽፉ አንድ የተረሳ ነገር አለ። የውሃ ተርብ ክንፍ ላይ ያለው የቀስተ ደመና ቀለምና የጤዛ ጠብታ በፍላሽ ሥር እንደ ጠዋት ብርሃን አያምርም። ፀሐይ ሐይቁን ከማሞቋ በፊት ነፍሳት ቀዝቅዘው በፊላው ላይ ተጣብቀው ስለሚቆዩ ትራይፖድ ተክሎ፣ በስክሪኑ ምስሉን አጉልቶ ፎከሱን በእጅ አስተካክሎ፣ በ2 ሰከንድ ማቆያ ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል። የማይንቀሳቀስ ከሆነም ፎከሱን ጥቂት በጥቂት እያሻገሩ ብዙ ፎቶዎችን አንሥቶ በኮምፒውተር አንድ ማድረግ የጥልቀቱን ችግር ያቃልላል። ረፋዱ ላይ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ይህ ሁሉ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የፍላሽ ወዳጆች ሰዓት ነው።

በጥቁር ውሃ በኩል ጎሕ ሲቀድ ፊላው ውስጥ የሚንበረከክ ሰው ግን ጉማሬ መኖሩን አይርሳ። ዐይናችን በሌንሱ ላይ ሲሆን ጆሮአችን ብቻ ነው የቀረን፤ ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ፤ ዓሣ አጥማጆቹንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ፊላ ዳር

ተወስኗል። እህቴ ሬይኖክሱን ታመጣለች፤ ቲቲ600ን ከወዳጄ እወስዳለሁ፤ የጎን ክንዱን እዚሁ አናጢ ጋር አሠራለሁ። ያገለገለ 100 ማክሮ አዲስ አበባ ካገኘሁ ወደፊት እገዛለሁ። ሲገዛ ምን ላጣራ?

ታቦር ሥር

ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። በሌንሱ አንድ በኩል አብርተው በሌላው በኩል በሰያፍ ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ነገር ካዩ ፈንገስ ነውና ይተዉት፤ ጥቂት አቧራ ግን አያሳስብዎት። ቀጥሎ ካሜራዎ ላይ አስረው አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ ያድርጉና የጥልቀት ማሳያውን ቁልፍ (ፎቶ ሳያነሡ አፐርቸሩን የሚያጠበውን) እየተጫኑ የአፐርቸሩ ምላጮች ሳይዘገዩ መዘጋታቸውን፣ ዘይትም እንዳልነካቸው ያረጋግጡ። በመጨረሻም ፎከሱን ከሩቁ ጫፍ እስከ 1 ለ 1 ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱት፤ መሀል ላይ የሚንተፋተፍ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለ ሞተሩ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ፎከስ ለሚሠራ ማክሮ ግን ይህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ሌንሱን መተዊያ ምክንያት አይደለም።