የጥር 19 ነገር፦ የ30ኛው ዓመት መታሰቢያ ዕቅድ

ጸሐፊው (ኅዳር 17፣ 2018)
ስግድ አለፈ፤ አሁን ወደ ጥር እንሂድ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በ1988 «ደማችን ለምን ይደፋል?» ብለው ኢየሩሳሌም ላይ የወጡበት የደሙ ሰልፍ ጥር ላይ 30 ዓመት ይሞላዋል። ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ሐሳብ ይኸውላችሁ። እዚሁ ጎንደር ወለቃ ላይ ጠዋት ደም ልገሳ ይደረጋል። ከሰዓት በሰልፉ የነበሩ ዘመዶቻችን በስልክ ይናገራሉ፤ እኛ በድምፅ ማጉያ እንሰማለን። ማታ ጧፍ እናበራለን። ካዝና ውስጥ 46,000 ብር አለ። ለማዘጋጃ ቤት የሚገባው ደብዳቤ ታኅሣሥ 15 ማለቅ አለበት። ጨምሩ፣ ቀንሱ።

ሸክላ ሠሪዋ (ኅዳር 17)
ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለምን ደም እንዳልሁ ልናገር። ወንድሜ ግንቦት 1983 በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከወጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ ነው። ልጅ ነበር። 19 ዓመት ሲሞላው ወታደር ሆነ። ደም ስጡ ሲባል ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ሰጠ፤ አመስግነው ሸኙት። ከዚያ ጥር 1988 የእስራኤሉ ማዓሪቭ ጋዜጣ ጉዳዩን አወጣው። የእኛ ሰዎች ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል ተብሎ ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ ነበር። በሽታ ከተፈራ የሁሉንም ደም ከረጢት በከረጢት መመርመር ነው። ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ከኋላ የአንድ ወገን ብቻ ለይቶ መድፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ «ክንዴን የዘረጋሁት ለማን ነው?» ይላል። ስለዚህ እኛ እዚህ ደም እንስጥ። የማንም ደም እንዳይደፋ።

ገንዘብ ያዥ (ኅዳር 17)
46,000 አይደለም። 43,200 ነው። ባለፈው ወር ለሐዘን ድንኳን የተከራየንበት ተቀንሷል።

የአዘዞው (ኅዳር 17)
ጥር 19 ማክሰኞ ነው። የሥራ ቀን። ማን ይመጣል? እሑድ 17 ይሁን።

የወለቃ ልጅ (ኅዳር 17)
ሰልፉ የተደረገው ጥር 19 ነው። አባቴ በላከው ደብዳቤ ላይ በእጁ «ጥር 19» ብሎ ጽፏል። መታሰቢያ በቀኑ ነው።

ከነታንያ (ኅዳር 17)
እዚህ እስራኤል የሚታወቀው ጃንዋሪ 28 ነው። ዘንድሮ ጃንዋሪ 28 በእናንተ ጥር 20 ነው። 20 አድርጉት። እኛም በዚያው ሰዓት ስለምንሰበሰብ አንድ ላይ እንሆናለን።

የወለቃ ልጅ (ኅዳር 18)
«በእናንተ» ማለት ምንድን ነው? የአባትህ አቆጣጠር አይደለም እንዴ?

ከነታንያ (ኅዳር 18)
ቃል አትምዘዝ። ቀኑ ጃንዋሪ 28 ነው አልሁ።

የኔታ (ኅዳር 18)
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። 1987 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 ሆነች። ስለዚህ 1988 አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፤ ጃንዋሪ 28 ጥር 19 ላይ ዋለ። ዕለቱም እሑድ ነበር። ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው፤ አንድ ቀን ወደ 20 ይሸሻል። ቀኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው።

የአዘዞው (ኅዳር 18)
እሑድ ከነበረማ እሑድ 17 ይሁን!

የፒያሳው (ኅዳር 18)
ቀን ቀን ስትሉ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚያስታውስ አለ? ኅዳር 18 ነው። በ1934 ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠበት ዕለት። ፒያሳን ሲሠሩ የነጭና የጥቁር ሰፈር ለይተው ነው ያቀዱት። የዘር መድሎን ለመዘከር እስከ ኢየሩሳሌም መሄድ የለብንም። ደጃችን ላይ አለ።

ጸሐፊው (ኅዳር 18)
ጥሩ ነጥብ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይያዝ። አሁን ስለ ጥር ነው።

ጠባቂው (ኅዳር 19)
እኔ አንድ ነገር ልበል። ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደር መጥቼ መጠበቅ ከጀመርሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ። እናቴ እዚያ ናት፤ እኔ እዚህ። ጉዳዬ ገና እየታየ ነው። «ጎንደር ላይ በእስራኤል መንግሥት ላይ የተደረገ ሰልፍ ዘከሩ» ተብሎ ቢወራስ? የእኔን ጉዳይ የሚያየው ሰው ይህን ቢሰማስ? እንዳላጠፋባችሁ እንጂ እፈራለሁ።

የወለቃ ልጅ (ኅዳር 19)
ማንም አያየውም። ከነታንያ፣ ለምንድን ነው ለ19 መልስ የማትሰጠው?

ከነታንያ (ኅዳር 20)
ልመልስ። ያን ቀን ወደ 10,000 ሰው ሆነን ነው የወጣነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ በር ላይ። ፔሬዝ ከካቢኔያቸው ጋር ውስጥ ነበሩ። አስለቃሽ ጭሱን የጠጣነው እኛ ነን። ዱላውን የቀመስነው እኛ ነን። እናንተ በሬዲዮ ነው የሰማችሁት። ቀኑን እኛ እንንገራችሁ።

የወለቃ ልጅ (ኅዳር 20)
እኛ በሬዲዮ የሰማነው ጥር 19 ማታ ነው! እናቴ «ልጄ ሞቷል» ብላ መሬት ላይ ስትንፈራፈር ያደረችው ጥር 19 ነው። አራት ቀን ሙሉ ስልክ አልገባልንም። ያንን ቀን አንተ አልነበርህበትም።

ከነታንያ (ኅዳር 20)
ካዝናችሁ ውስጥ ያለውን ብር ማን እንደላከው አትርሱ።

ገንዘብ ያዥ (ኅዳር 20)
ይህ አይባልም። ከ43,200 ውስጥ ከውጭ የመጣው ግማሹም አይሞላም። የቀረው እዚህ በየወሩ 50 ብር እያልን ያዋጣነው ነው። ደብተሩ አለ፤ የፈለገ መጥቶ ይይ።

የኔታ (ኅዳር 20)
በቃ። ሁለታችሁም ለአንድ ቀን ስትዋደቁ አንድ ልጅ «እፈራለሁ» ብሎ ጽፏል። የመለሰለት የለም።

ሸክላ ሠሪዋ (ኅዳር 21)
የኔታ እውነት ብለዋል። አንተ ልጅ፣ ያ ሰልፍ የዜጎች ሰልፍ ነው። ማንንም ለመጥላት አልወጡም። «እኛም እንደናንተ ነን» ለማለት ነው የወጡ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ራሱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የመራውም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን ነው። የተደበቀ ነገር የለም። ደግሞ ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። በ2006 ታኅሣሥ ፕኒና ታማኖ ሻታ የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባል ሆና፣ እዚያው ክኔሴት ግቢ ደም ልስጥ ብላ ትውልዷ ኢትዮጵያ በመሆኑ እንደማንኛውም ሰው አንቀበልም ተባለች። በ2012 ሚኒስትር ሆነች። ከሰልፉ እስከዚያ 24 ዓመት ነው። ለልጆቻችን ይህን ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

ከነታንያ (ኅዳር 22)
ስለ ገንዘቡ የተናገርሁት ከንዴት ነው። ይቅርታ። ግን 20 እላለሁ።

ነርሷ (ኅዳር 22)
እኔ ስለ ቀን ክርክር የለኝም፤ ስለ ደሙ ግን ላስታውሳችሁ። ጥር 20 ረቡዕ ነው። ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምስ ሰው ብዙ ነው። ባዶ ሆዱን ያለ ሰው ደም አይሰጥም፤ ራሱን ስቶ ይወድቃል። 21 ደግሞ አስተርዮ ማርያም ናት፤ ማንም አይገኝም። 18 ሰባር ጊዮርጊስ ነው። ደም መስጠት ከፈለጋችሁ 19 ነው የሚመቸው።

የወለቃ ልጅ (ኅዳር 22)
ተመስገን!

ከነታንያ (ኅዳር 22)
እንግዲያ እኛን አትቁጠሩን።

ጸሐፊው (ኅዳር 26)
አራት ቀን ዝም ተባለ። ድንኳን አመጣለሁ ያለው የት ደረሰ? ድምፅ ማጉያውስ? ሁለቱም ስልክ አያነሡም።

የአዘዞው (ኅዳር 27)
19ም 20ም ካጣላ መሐል ላይ እንገናኝ። እሑድ 17። ሠራተኛው ይመጣል፣ ተማሪው ይመጣል፣ ጾም የለም። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም።

የኔታ (ኅዳር 27)
ለሰላም ሲባል እሺ እላለሁ። ልቤ ግን 19 ላይ ነው።

ጸሐፊው (ኅዳር 29)
ተቃዋሚ ከሌለ እሑድ 17 ብዬ እጽፋለሁ።

ነርሷ (ታኅሣሥ 2)
የደም ባንክ ጠይቄ መጣሁ። ጥር 17 ቡድናቸው ሌላ ቦታ ፕሮግራም ይዟል። 19 ቢሆን ግን ይችሉ ነበር።

ጸሐፊው (ታኅሣሥ 2)
ቀኑን እንደገና ከከፈትነው ተመልሰን እንጣላለን። ደሙን ከፋሲካ በኋላ እናድርገው።

ሸክላ ሠሪዋ (ታኅሣሥ 2)
ደሙ ከወጣ ምን ቀረን? የሰልፉ ስም ራሱ የደም ሰልፍ ነው።

ጸሐፊው (ታኅሣሥ 3)
የስልክ ምስክርነቱ አለ።

ከነታንያ (ታኅሣሥ 3)
እሑድ እዚህ የሥራ ቀን መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም። የሚያርፉት ቅዳሜ ነው። በሰልፉ የነበሩት ሰዎች አሁን ሃምሳና ስልሳ ዓመታቸው ነው፤ ግማሾቹ ፋብሪካ ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡ። ማን ስልክ ያነሣላችኋል? ቀድተን ልንልክ እንችላለን። ቃል ግን አልገባም።

የአዘዞው (ታኅሣሥ 4)
ቡና፣ ድፎ ዳቦ፣ ጧፍ ይበቃል። ቲሸርት እናሠራ፤ ፎቶ ላይ ያምራል። 60 ፍሬ ያሠራል ያልሁት ልጅ ዋጋ ይዞ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ (ታኅሣሥ 4)
ለቲሸርት ገንዘብ የወሰነ ስብሰባ አላውቅም።

የወለቃ ልጅ (ታኅሣሥ 4)
ቲሸርቱ ላይ ምን ሊጻፍ ነው? «ጥር 19» ካልተጻፈ አልለብስም።

ጠባቂው (ታኅሣሥ 5)
ባነሩ ላይ «ሰልፍ» የሚለው ቃል እንዲወጣ እለምናለሁ። እትዬ ያሉኝ ገብቶኛል፤ አንጀቴን አርሰውኛል። ሌሊት ስተኛ ግን አሁንም እፈራለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም። ከእኔ ጋር የሚጠብቁ አምስት ቤተሰቦች ይህንኑ ብለዋል። እነሱ እዚህ አይጽፉም።

የኔታ (ታኅሣሥ 5)
ይህ ከቀኑ ሁሉ በፊት መታየት የነበረበት ነው። እንዲህ የሚፈራ ሰው መሐላችን እያለ ባነር መስቀል አይቀለኝም።

ጸሐፊው (ታኅሣሥ 13)
ደብዳቤው እነሆ፦ «የወዳጅ ዘመድ ቀን፣ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018፣ ወለቃ። ቡና፣ ዳቦ፣ የጧፍ ማብራት፣ የሸክላ ሥራ ሽያጭ።» ሰልፍ የሚል ቃል የለም። ድንኳን የለም፤ ከዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ቲሸርት በየራስ ወጪ። ነገ አስገባዋለሁ።

የፒያሳው (ታኅሣሥ 13)
ከዚህ ደብዳቤ ምን እንደምንዘክር ማን ይረዳል?

ጸሐፊው (ታኅሣሥ 13)
ቀድመህ ለምን አልጻፍህም? ከኅዳር 18 ወዲህ የለህም። እኔ ሥራዬን ትቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስለምን ከረምሁ። የተሻለ ያለው ይጻፈው።

የፒያሳው (ታኅሣሥ 13)
ልክ ነህ። አስገባው።

ሸክላ ሠሪዋ (ታኅሣሥ 14)
አስገባው፤ አልቃወምም። 17 እመጣለሁ፤ ጀበናውን እኔ አመጣለሁ። 19 ግን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደም ባንክ እሄዳለሁ። ብቻዬን ብሆንም። ባነር የለኝም፤ ማንም ፎቶ አያነሣኝም። ለወንድሜ እደውልለታለሁ። መርፌው ክንዴ ላይ እያለ «ይኸው ያንተን ተክቼ እየሰጠሁ ነው» እለዋለሁ።

ከነታንያ (ታኅሣሥ 14)
እትዬ፣ 19 ማታ እዚህ ጧፍ አበራለሁ። 20ም አበራለሁ።

ጠባቂው (ታኅሣሥ 14)
ደም ለመስጠት የሚጠየቅ ወረቀት አለ? ምን ያህል ይወስዳሉ?

ነርሷ (ታኅሣሥ 14)
መታወቂያ ያዝ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ ከሰጠህ ሦስት ወር ያለፈህ መሆን አለብህ። የሚወስዱትን መጠን እዚያው ክብደትህን አይተው ይነግሩሃል። የሁሉም ሰው ደም ይመረመራል፤ የኔም ያንተም።

ጠባቂው (ታኅሣሥ 14)
47 ኪሎ ነኝ።

ነርሷ (ታኅሣሥ 14)
ይበቃል። ቁርስህን በልተህ ና።