ለልጆች የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን፦ በምን ዘዴ እንጀምር?

መምህርት ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ 14 ልጆች የሚመጡበት የሥዕል ክበብ አለኝ። ትንሹ 9፣ ትልቁ 13 ዓመቱ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ አንድ ደቂቃ የምትሆን አኒሜሽን ልንሠራ አስበናል። ያለን አንድ ስልክ፣ አንድ ጠረጴዛና ብዙ ወሬ ነው። ኮምፒውተር የለም። መብራቱም እንደ ልቡ ነው። ልጆቹ የመረጡት አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ የተሳፈሩበትን ተረት ነው። አህያዋ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች፣ ውሻው መልስ ተበላ፣ ፍየሏ ሳትከፍል አመለጠች፤ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት ደብተር ላይ እየሣልን ሞከርነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠርተን አህያዋ አንዴ ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ አለቀ። ከመሣል ሌላ ምን መንገድ አለ?

መቀስ፦
ቲቸር፣ ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ ሒሳቡ ነው የከበዳችሁ። በሰከንድ 12 ፎቶ ብትይዙ ለአንድ ደቂቃ 720 ያስፈልጋል። አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ሁለት ጊዜ አንሡት፤ የምታንቀሳቅሱት ወደ 360 ጊዜ ይወርዳል። ደግሞ አንዴ ሥላችሁ ቆራርጡት። የአህያዋን ጭንቅላት፣ ጆሮና እግር ለየብቻ ከካርቶን አውጡና መጋጠሚያውን በክር ቋጥሩት። ከዚያ ገፋ ማድረግ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ገፋ ማድረግ ነው። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች እ.ኤ.አ. በ1926 ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም አውጥታለች።

የአሸዋ ሰው፦
እኔ ደግሞ አሸዋ እላለሁ። የድሮ የመስኮት መስታወት ፈልጊ። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኚው፣ ልጆች ናቸው። ሁለት ወንበር ላይ አጋድሚውና ከሥሩ ነጭ ወረቀትና ባትሪ አድርጊ። ከላይ በወንፊት የተነፋ አሸዋ በስሱ በትኚ። ከሥር ሲበራ አሸዋው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በጣት የጠረግሽው ቦታ ነጭ ይሆናል። ካሮላይን ሊፍ ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ጉጉት ዝይ ያገባበትን የኢኑዊቶች (በበረዷማው ሰሜን የሚኖሩ ሕዝቦች) ተረት በዚህ መንገድ ሠርታዋለች። ደስ የሚለው ነገር ጉጉቱ ሲሞት አይደለም፣ አሸዋው ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲፈስ ነው። አንድ ክፉ ነገር አለው፦ አዲሱን ለመሥራት የፊተኛውን ታፈርሺዋለሽ። ከተሳሳትሽ መመለሻ የለም። ልጅ ካስነጠሰ ደግሞ በቃ። አሸዋ ካጣሽ ጤፍም ይሆናል።

የቤት እመቤት፦
በዚህ ዋጋ ጤፍ? አሸዋው ይበቃቸዋል ወንድሜ።

ሰፈርተኛው፦
ቲቸር፣ ታክሲውን ለምን ትሥሉታላችሁ? ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ። ሦስቱ ሜዳ ላይ እንደ ታክሲ ተደርድረው ይቀመጡ። ፎቶ አንሺ። በቂጣቸው አንድ ስንዝር ወደፊት ይጠጉ። እንደገና አንሺ። ሲገጣጠም መኪና ሳይኖር የሚነዱ ይመስላል! ፊልም ሠሪው ኖርማን ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1952 ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት አበባ የተነሣ ሲፋጁ ያሳየው በሰው እንዲህ እየሠራ ነው። ኦስካርም አግኝቶበታል። መብራት አትጠብቁ፣ ፀሐይ ይበቃችኋል።

የተቃጠለ፦
ከእኔ ተማሩ። ስልኩን በእጅ አትያዙት፤ በመጻሕፍት መሀል አጥብቃችሁ በፕላስተር እሰሩት። ትኩረቱንና ብርሃኑን ስክሪኑ ላይ ጫን አድርጋችሁ ቆልፉት። አለዚያ ስልኩ በየፎቶው ብርሃን እየቀያየረ ፊልሙን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። ኤርፕሌን ሞድም አትርሱ። 200ኛው ፎቶ ላይ እህቴ ደወለች፤ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ከመጻሕፍቱ ሸርተት አለ፣ እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁንም ስትደውል ትዝ ይለኛል።

ሸራ፦
ይህንኑ የታክሲ ተረት ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሠርቶታል፤ ስሙም «ሒሳብ» ነው። በአንድ ሸራ ላይ በቀለም እየደራረበ ነው የሣለው። ግን ለልጆቹ የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ አሳያቸው። ቀድመው ካዩት እሱን ይኮርጃሉ።

መምህርት ከአዳማ፦
«አሳያቸው» ሳይሆን «አሳዪያቸው» በለኝ፣ ሴት ነኝ 😄 ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ የሰፈርተኛውን ሞከርን። በአንድ ሰዓት ተኩል 96 ፎቶ፣ 8 ሰከንድ! ታክሲው ሄደ። እንስሳቱን በካርቶን፣ መጨረሻ ላይ የሚነሣውን አቧራ ደግሞ በአሸዋ እናደርገዋለን። አሁን የቀረን ጠብ ነው፦ 14ቱም ፍየል መሆን ይፈልጋሉ።