ስፕሬይ ስነፋው ፎሙ ቀለጠብኝ፣ ለነገ ጠዋት ነው!

የፔዳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ ነገ ጠዋት የሰፈር ልጆች የዓድዋን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ሊጫወቱ ቀጥሬያቸዋለሁ፣ ተራሮቹን ከፎም ቀርጬ ቡኒ ስፕሬይ ስነፋበት ሶሎዳ ተራራ እያየሁት መሃሉ እየተበላ ገባ። አባ ገሪማ ተራራ ገና አልተቀባም። ምን ላድርግ በናታችሁ ቶሎ

ማሜ፦ የፍራሽ ፎም ነው ወይስ ቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ?

የፔዳ ልጅ፦ ነጩ ነው

ዘገዬ፦ በቃ ሶሎዳ በመድፍ ተመታ በላቸው 😂

የታሪክ ሰው፦ ወንድሜ ከቀለሙ በፊት አቀማመጡን አስተካክል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ በሰጠው የካርታ ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ ሌላ ነበር፣ ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ እውነተኛውን ፍለጋ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ሄዶ ከሌሎቹ ተነጠለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ጠዋት የሆነው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን ኮረብታ አራርቃቸው፣ ከተጠጉ ጨዋታው ትርጉም የለውም።

ሄለን ቢ፦ ፎም ለምን አስፈለገ ግን? የካርቶን ንጣፍ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደራርበሽ ብትለጥፊው ተራራ ነው፣ አይቀልጥም

የፔዳ ልጅ፦ እህቴ ወንድ ነኝ፣ ሃሳቡ ጥሩ ነው ግን ጊዜ የለም

ጋሽ አናጢ፦ ልጄ ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ነው የሚበላው፣ ቲነርም ቤንዚንም ያው ነው። መጀመሪያ በረንዳ አውጣው ሽታው ይጎዳል። የተበላውን አትጣለው፣ ሶፍት ቀዳደህ በነጭ ኮላና ውሃ እኩል በኩል ነክረህ ስስ አድርገህ ልበጥበት፣ ሲደርቅ ገደል ይመስላል። ከዚያ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም። ያልተቀባውንም አስቀድመህ ኮላ ቀባው። በፀጉር ማድረቂያ እንዳትሞክር፣ በሙቀት ይኮማተራል፣ ቬንትሌተር ይበቃል።

ማሜ፦ ኮላ ቀባው

የፔዳ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮላ ከሱቅ አገኘሁ እየለበጥኩ ነው። ለሳሩና ወታደሮቹ ለሚይዙት ጦርስ? ወታደሮቼ 1/72 ናቸው (ቁመታቸው ከሰው 72 ጊዜ ያነሰ)፣ ስቲኪኒ ወፈረብኝ

ሄለን ቢ፦ ለሳር ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት ለምነህ በአረንጓዴ ቀለም እሸው፣ ኮላው እርጥብ እያለ በትንበት። ለጦር ስንደዶ፣ እናትህ ስፌት ከሰፉ ቤት አይጠፋም፣ ወደ 3 ሳንቲ ከቆረጥከው ለዛ ቁመት ልክ ነው። ጫፉን በሰያፍ ቁረጠውና የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብርማ ወረቀት ትንሽ ጠቅልልበት፣ ስለት ይሆንልሃል።